ባትሪ ታቅፌ ወደ ኮልፌ

ከኮልፌ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ምሳዬን በሰላም አልበላሁም። የገባሁበት ቤት ሁሉ «እስቲ አዲስ አበባን ንገረን» ነው። አንዱ ቤት የተናገርኩት ሌላው ቤት ቀንድና ጭራ አውጥቶ ይጠብቀኛል፤ ትናንትማ ባትሪውን በጀርባዬ አዝዬ ዓባይን በእግሬ እንደተሻገርኩ ሰማሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። መሠረተ ትምህርት ጨርሳችሁ የሚነበብ ነገር አጣን ለምትሉኝ ለእናንተ ይሁን፤ ማንበቢያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ። አዲስ አበባን ያላየ ሰው እንዲገባው ከአገራችን ጋር እያስተያየሁ ነው የምነግራችሁ።

የነገሩን መነሻ ታውቃላችሁ። ጤና ረዳት ሆኜ የማገለግልበት የክሊኒካችን የክትባት ማቀዝቀዣ የሚሠራው በፀሐይ ነው። ጣሪያው ላይ ያሉት ጥቁር መስታወቶች ከፀሐይ ያገኙትን ለሁለት ባትሪዎች ይሰጣሉ፤ ባትሪዎቹ ደግሞ ለማቀዝቀዣው። ከሁለቱ ባትሪዎች አንዱ ታመመና ማቀዝቀዣው እንደ ቁም ሣጥን ዝም አለ። ከበላይ የመጣው ደብዳቤ አጭር ነበር። የኩፍኝ ክትባት የሚያመጣው መኪና በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይደርሳል፤ ማቀዝቀዣው እየሠራ ካገኘው ክትባቱን ያራግፋል፤ ካልሠራ ግን ማቀዝቀዣውን ጭኖ ለሌላ ክሊኒክ ያስረክባል። ኩፍኝ ባለፈው ዓመት በየደጃችን ምን እንዳደረገ ለእናንተ መጻፍ አያስፈልገኝም። ደብዳቤውን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እንዲህ ያለ ባትሪ የሚጠገነው አዲስ አበባ ስለሆነ ይዤው ለመሄድ ቆረጥኩ።

ሰኞ

ሊቀመንበራችን ጓድ አለሙ የይለፍ ወረቀቱን ጽፈው ማኅተም መቱበት፤ በቅሏቸውንም አዋሱኝ። ይህ አልበቃ ብሏቸው «በዚህ ሸሚዝ አዲስ አበባ ገብተህ ማኅበራችንን እንዳታዋርድ» አሉና ያችን የምታውቋትን ጥቁር ካፖርታቸውን አውልቀው አለበሱኝ። እናቴ በበኩሏ ለእትዬ በላይነሽ የሚካኤልን ጠበል በጀሪካን ሞልታ ሰጠችኝ። እትዬ በላይነሽ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፤ ኮልፌ የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው።

በቅሎዋን ከሚመልሰው ጎረቤቴ ጋር ሆነን ባንድ ጎን ባትሪውን፣ በሌላው ጎን ማመዛዘኛ ድንጋይ ጫንን። ወንዙ ጋ ስንደርስ ለማረፍ ብለን ድንጋዩን ረስተን ባትሪውን ብቻ ፈታን። ጭነቱ ዞሮ በቅሎዋ ሆድ ሥር ገባ። በቅሎዋ ያደረገችውን ለመናገር ጎረቤቴ አለላችሁ፤ እስከ ዛሬ ያነክሳል።

የመኪና መንገዱ ያለባት ከተማ የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የማደሪያው ባለቤት ባትሪውን ሲያዩ ፈንጂ መስሏቸው ደጅ ይደር አሉ። የክሊኒክ መሆኑን ሲሰሙ ግን ሐሳባቸውን ለወጡና ራሳቸው ተሸክመው አልጋዬ ሥር አኖሩት፤ የጠየቁን ዋጋም የእኔንና የጎረቤቴን ብቻ ነው። ቁንጫው ግን ሁለታችንንም እኩል ነው ያስተናገደን።

ማክሰኞ

አውቶቡሱ ሲነሳ ረዳቱ ባትሪውን ጣሪያ ላይ ወረወረው ማለት ይቀላል። እንዳይንገጫገጭ ብዬ የጓድ አለሙን ካፖርት ዙሪያውን ጠቀለልኩለት። ብልኅ ነኝ ብዬ ነበር። የዓባይን በረሃ ስንወርድ እኔ ልቤ ባትሪው ጋ ስለነበረ ገደሉን አላየሁትም፤ ገደል ማየት የሚፈራ ሰው እንደኔ ባትሪ ይዞ ይጓዝ።

ኬላው ላይ አንድ ወታደር ጭነቱን እያወረደ ሲፈትሽ የእኔ ጋ ቆመ። የምን ባትሪ ነው አለኝ። የፀሐይ ነው አልኩት። ፀሐይ ከመቼ ጀምሮ ነው ባትሪ ያስፈለጋት ብሎ ጓደኞቹን ጠራ። ማስረዳት ጀመርኩ፤ ባስረዳሁ ቁጥር ይበልጥ አጠራጣሪ ሆንኩ። ቀጥሎ ጀሪካኑን ከፍቶ አሸተተ። የሚካኤል ጠበል መሆኑን ስነግረው ዙሪያውን ቃኘና ቆቡን አውልቆ እጁን ዘረጋ። አፈሰስኩለት፤ ጠጣ፤ ግንባሩን አበሰ። ከዚያ በኋላ ስለ ፀሐይ የጠየቀኝ የለም።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ካፖርቱን ፈታሁ። ባትሪው በጎኑ ተኝቶ ኖሮ አሲዱ ፈስሶ የካፖርቱ ጀርባ እንደ ረጠበ ወረቀት በእጄ ላይ ቀረ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ቆሜ ልጮህ ምንም አልቀረኝም። አዲስ አበባን መጀመሪያ ያየኋት በዚያ ቀዳዳ ውስጥ ነው ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ወደ ኮልፌ የሚወስደው ውይይት የሚሉት ታክሲ ነው። ሰዎቹ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። በእኛ አገር እንዲህ የሚቀመጥ ሰው ወይ ሽምግልና ላይ ነው ወይ ድንበር ተጣልቷል፤ እዚያ ግን ማንም ማንንም አያውቅም። ረዳቱ ባትሪው ወንበር ይዟል ብሎ የሰው ሒሳብ ሊያስከፍለኝ ሲል ከፊቴ ያሉት ሴትዮ «ታዲያ ሰው ከሆነ ጉልበቴን ለምን ይጨቁነኛል?» አሉት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀና ነገሩ በዚያው ቀረ። አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚሉት ሰፈር ስንደርስ ወረድኩ።

እትዬ በላይነሽ አቅፈው ሳሙኝ፣ ጠበሉን ተሳልመው ተቀበሉ፣ ካፖርቱን አይተው «ወይኔ» አሉ። ሥጋ ወጥ ቀረበ። ልብ በሉ፣ ቤታቸው ውስጥ መብራት ግድግዳ ላይ ተጭኖ ይበራል። ሁለት ጊዜ አብርቼ ሁለት ጊዜ አጠፋሁት። ሦስተኛው ላይ ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። እኔ ያጠፋሁት መስሎኝ ይቅርታ ስጠይቅ እትዬ በላይነሽ ሳቁብኝና ኩራዝ ለኮሱ። ለካ የከተማውም መብራት እንደኛው ይታመማል፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ደስ አለኝ።

ረቡዕ

እንግዳ ያሳደረ ሰው ማስመዝገብ ስላለበት ጠዋት ቀበሌ ሄድን። ጸሐፊው የመጣሁበትን ጉዳይ ሲጠይቀኝ ባትሪ ላሳክም ነው አልኩት፤ እሱም ቀና ሳይል «ሕክምና» ብሎ ጻፈ።

ስንመለስ ጓሮ ገባሁና ዓይኔ ከጠርሙሶች ሰልፍ ላይ አረፈ። አጠገባቸው የማውጫው ማሰሮ፣ የሸምበቆው ቱቦ፣ ሁሉም አለ። እትዬ በላይነሽ ካቲካላ ያወጣሉ! እኛ አረቄ የምንለውን ነው። በዚህ ነገር የእኔን ጠባይ ታውቃላችሁ። ጉበት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋቸው። እሳቸው እጃቸውን አጣምረው እስክጨርስ ጠበቁና አንዱን ጠርሙስ ከፍተው አፍንጫዬ ሥር ያዙት። ምንም አይሸትም።

«ይሄ የጋሽ ሀብቴ ውሃ ነው» አሉኝ። «ካቲካላው በወዲያ በኩል ነው፤ ስብከትህን ለእሱ አቆየው።»

ጋሽ ሀብቴ አባታቸው ከከፋ መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ፣ ማዞሪያው አጠገብ የባትሪ መጠገኛ ያላቸው ሰው ናቸው። ዕድሜያቸው የጓድ አለሙ ያህል ነው፤ ድምፃቸው ግን ሩቡን አይሆንም። ባትሪውን ስወስድላቸው ከፍተው አሲዱን በመስታወት መምጠጫ ቀድተው ብርሃን ላይ አዩትና ምን ውሃ እንደጨመርኩበት ጠየቁኝ። ንጹሕ ውሃ ነው አልኩ። የምን ንጹሕ ውሃ አሉ። በቃ ንጹሕ ነው አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና ባትሪውን ከኤሌክትሪኩ ጋር አያያዙት።

ሐሙስ

ስለ ከተማው ሕንፃ ብትጠይቁኝ ብዙ አላየሁም። ሐሙስን በሙሉ የጋሽ ሀብቴ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የዋልኩት። አዲስ አበቤ እየሄደ ያወራል፣ እያወራ ይበላል። እኛ ሦስት ጊዜ ሰላም የምንባባልበትን ጊዜ እዚያ ሦስት ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ይሄድበታል። ቦኖ የሚሉት የውሃ ቧንቧ ጋ ደግሞ ሰልፍ የሚይዘው ሰው ሳይሆን ጀሪካን ነው፤ ባለቤቶቹ ጥላ ሥር ሆነው ይጨዋወታሉ፣ ጀሪካኖቹ በተራቸው ይቆማሉ። ወንዛችን ዳር ብንሞክረው ጀሪካኖቹን ማግሥት የምናገኛቸው ገበያ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሀብቴ ባትሪውን ፈትተው ከአንድ የመኪና አምፖል ጋር አገናኙት። ቦግ አለ። በሐሴት ዘለልኩ። እንጀራ ቆርሼ ሁለቴ ሳልጎርስ አምፖሉ ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ።

ዓርብ

ጠዋት እትዬ በላይነሽ አብረውኝ ሄዱ። ጋሽ ሀብቴ ባትሪው ፊት ተቀምጠው ጠበቁን። ውስጡ ባዕድ ነገር አለ አሉ። ምን እንደሆነ ካወቁ ያጥቡታል፣ ካላወቁ ግን ደፍሮ መንካት እርሳሱን ጨርሶ መግደል ነው።

«አንተ የጤና ሰው ነህ» አሉኝ። «በሽተኛ የዋጠውን ደብቆ ቢመጣብህ ምን ትለዋለህ?»

ይህን ስንቶቻችሁን እንዳልኩ ታውቃላችሁና ፊቴ ምን እንደመሰለ ገምቱት። ተናገርኩ። ማቀዝቀዣውን የተከሉት ባለሙያዎች አንድ ጠርሙስ የባትሪ ውሃ ትተውልን፣ ሲያልቅ ጻፉልን ብለው ሄዱ። ጻፍን። ሦስት ጊዜ ጻፍን፣ መልስ የለም። ባትሪዎቹ ሲጠማቸው ከጠርሙሱ የቀረው ለአንዱ ብቻ በቃ። ለሌላው የወንዝ ውሃ እንዳልሰጥ ፈራሁ፣ የጉድጓድ እንዳልሰጥ ፈራሁ። አሰብኩና ባገራችን ካለው ውሃ ሁሉ የሚበልጠውን መረጥኩ፤ ዓመት በጠርሙስ ቢቀመጥ የማይሸተውን። የሚካኤልን ጠበል ጨመርኩበት። ስጨምርም አማትቤአለሁ።

እትዬ በላይነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ጠበል ለሰው ነው ልጄ፤ ለባትሪ ማን አዘዘው?»

ጋሽ ሀብቴ አልሳቁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም፣ አሁን ግን ተገኝቷል አሉ። ከዚያ ጠበሉን አስመጥተው፣ ተሳልመው፣ በአንድ ማንኪያ ቀዱና ምድጃ ላይ ያዙት። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ማንኪያው ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። ከምድር ሲፈልቅ ከድንጋዩ ያመጣው ነው፣ ለሰው ላይጎዳ ይችላል፣ ለባትሪ ግን መርዝ ነው አሉኝ። በሌላ ማንኪያ እትዬ በላይነሽ በማሰሯቸው አንጥረው ያወጡትን ውሃ ቀድተው እንደዚያው አደረጉ። ደረቀ፤ ማንኪያው እንደታጠበ ነው። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው፤ ሦስት ደብዳቤ ያልመለሰልኝን ሁለት ማንኪያ መለሰልኝ። እትዬ በላይነሽ የጠበሉን ማንኪያ ሳይታጠብ ተቀብለው ነጩን ዱቄት በጣታቸው ጠርገው የሚያማቸውን ጉልበታቸውን ቀቡት።

አሁን ባትሪው ባዶ ተደርጎ ደጋግሞ መታጠብ አለበት፤ ለዚያ የተዘጋጀው ውሃ አይበቃም። እትዬ በላይነሽ ለቅዳሜ ገበያ የጣሉት ካቲካላ ሊወጣ ደርሶ ነበር። ጥንስሱን ወደ ጎን አደረጉና ማሰሮውን በአመድና በፈላ ውሃ ማጠብ ጀመሩ። ገበያዎትስ ብላቸው ጠጪ እስከ ሰኞ አይሞትም አሉኝ።

ቅዳሜ

ሥራው እንዲህ ነው፦ ማሰሮው ውስጥ ውሃ ይፈላል፣ አፉ በሊጥ ይታሸጋል፣ እንፋሎቱ በአዲስ ሸምበቆ አልፎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ጠርሙስ ይጠራቀማል። አረቄ የነካው ሸምበቆ አይገባበትም። የመጀመሪያው ጠርሙስም ይደፋል። እኔ ከቦኖ ውሃ አመላላሽ ነበርኩ። ስደጋግም ያዩ ሴቶች ምን ሠርግ አለ ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ የሰልፉ ጀሪካን ሁሉ ወደ ጎን እየተገፋ ለእኔ መንገድ ተከፈተ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን ኮልፌ ነው ያየሁት፤ አንዳንዶቹ ጀሪካኔን ራሳቸው እያዘሉ አደረሱልኝ።

ቀትር ላይ አንድ ደንበኛ ሽማግሌ መጡ። እትዬ በላይነሽ ጓሮ ስለነበሩ ሰውየው እንደ ልማዳቸው ራሳቸው ከጠርሙሱ በመለኪያ ቀድተው ባንድ ትንፋሽ ጨለጡት። መለኪያውን ገልብጠው አዩት።

«በላይነሽ» አሉ፣ «ምን በደልኩሽ?»

ማታውን ጋሽ ሀብቴ ባትሪውን ሦስት ጊዜ አጥበው አዲስ አሲድ ሞሉትና ከኤሌክትሪኩ ጋር አገናኙት።

እሑድ እና ሰኞ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እትዬ በላይነሽ ካፖርቱን ጠገኑ። ጥቁር ጨርቅ ስላጡ ከሟች ባለቤታቸው ቡናማ ሱሪ ቆርጠው ጀርባው ላይ ሰፉበት። ጓድ አለሙ ከኋላ የአዲስ አበባ ሰው፣ ከፊት የአገራችን ሊቀመንበር የመሰሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ጥያቄው ይቁም።

ሰኞ ጠዋት አምፖሉ በራ። ምሳ ቀረበልኝ፣ ዓይኔን ከአምፖሉ አልነቀልኩም። መንገደኛው ሁሉ ምን እንደማይ እያጎነበሰ ያያል። ሱቁ ሊዘጋ ሲል አምፖሉ እንደ ጠዋቱ ነው። እንባዬ መጣ፤ ለምን እደብቃችኋለሁ።

ጋሽ ሀብቴ የአሲዱን ብቻ አስከፈሉኝ። ባትሪው እንደ አዲስ አይሆንም፣ ከተጠበቀ ግን ጥቂት ዓመት ያገለግላል አሉ። ውሃውን በየወሩ ማየት፣ የመስታወቶቹን አቧራ መጥረግ፣ መጋጠሚያውን ቫዝሊን መቀባት፣ ከማቀዝቀዣው ሌላ ምንም አለመሰካት። ይህን የመጨረሻውን ሲሉ የማንበቢያ ቤቱን ሬዲዮ አሰብኩ። ማን እንደሰካው እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ይህን እያነበበ ነው።

«ፀሐይዋ ነፃ ናት» አሉኝ ስንሰነባበት። «ከፀሐይዋ በታች ያለው ግን ጠባቂ ይፈልጋል። የባትሪ ውሃ ከእኛ አትለምን፤ አገርህ ማሰሮ የለም እንዴ?»

ማክሰኞና ረቡዕ

በመመለሻዬ ባትሪው ጣሪያ ላይ አልወጣም። እግሮቼ መሐል ቆሞ፣ በሁለት እጄ ታቅፌው መጣሁ። ረዳቱ ቢቆጣም ጀርባዬ ላይ ያለውን ቡናማ እራፊ አሳየሁትና ገባው። ረቡዕ ጎረቤቴ እንደተቀጣጠርነው ያመጣት በቅሎ ባትሪውን ስታይ ጆሮዋን ጣለች፤ እኔም በዚህኛው ጉዞ ድንጋዩን አልረሳሁም። እንደደረስኩ ባትሪውን ከጓደኛው ጋር አገጣጠምኩት። ማቀዝቀዣው አጉረመረመ።

ሐሙስ

ሁለተኛው ባትሪ ውሃው ጎድሎ ነበርና ወዴት መሄድ እንዳለብኝ አውቄያለሁ። እግሬ ግን አልታዘዝ አለኝ። ወይዘሮ ደብሬን ሦስት ዓመት ሙሉ አረቄዎን ይተዉ፣ ማሰሮዎን ይስበሩ ስል እንደኖርኩ፣ ከቤታቸውም ውሃ እንኳ እንዳልቀመስኩ ሁላችሁም ምስክር ናችሁ። ደጃቸው ቆሜ ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ጠበሉንም፣ ማንኪያውንም። እስክጨርስ ምስር ከመልቀም አልተቋረጡም።

«ዶክተር፣ ማሰሮዬን ልስበረው ወይስ ልጣደው?» አሉኝ።

«ይጣዱት» አልኩ።

ማሰሮው በአመድ ታጠበ፣ ሸምበቆ ከወንዝ ተቆረጠ፣ የመጀመሪያው ጠርሙስ ተደፋ። ሁለተኛው ሲሞላ ማንኪያ አወጣሁ። እሳቸው ግን መለኪያ አመጡ። ከቤቴ የሚወጣ መጠጥ እኔ ሳልቀምሰው፣ እንግዳዬም ሳይቀምሰው አይወጣም አሉ። ቀዱ፤ እንደ ወጉ መጀመሪያ ራሳቸው ቀመሱ፤ ለእኔ ዘረጉልኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁ። ምንም ጣዕም የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ የጣመኝ መጠጥ ግን የለም።

ዓርብ

መኪናው ረፋድ ላይ መጣ። ማቀዝቀዣውን የሚጭኑ ሁለት ሰዎችና አንድ ጥቅል ገመድ ይዟል። ኃላፊው ማቀዝቀዣውን ከፍተው እጃቸውን አስገቡ፤ ወዲያው አወጡት። በረዶ ይዞ ነበር። ባትሪዎቹን አዩ፣ ውሃቸው ሙሉ ነው። ሌሎቹ ክሊኒኮች በውሃ እጦት ባትሪ እንደጨረሱ ነግረውኝ፣ እኔ ከየት እንደማገኝ ጠየቁኝ።

ደጅ የተሰለፉትን እናቶች አሳየኋቸው። መጀመሪያ ላይ ወይዘሮ ደብሬ የልጃቸውን ልጅ ታቅፈው ቆመዋል፤ በሌላው እጃቸው ጠርሙስ ይዘዋል።

«ከእሳቸው» አልኩ።

ክትባቱ ተራገፈ። መኪናው ገመዱን እንደ አመጣጡ ጠቅልሎ፣ ከወይዘሮ ደብሬ ማሰሮ የወጡ ሁለት ጠርሙሶች ለሌሎቹ ክሊኒኮች ጭኖ ተመለሰ።